ሐኪሙ «ማፊ» ያለ ዕለት

ይህ ነገር ሲደርስብኝ ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነበር። ከባሌ ከማሩ ጋር ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል፤ ልጅ ግን አልወለድንም። «አልወለድንም» ብዬ ለሁለታችን የምናገረው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ሰው የሚለው «አንጓች አልወለደችም» ነበር። አንጓች እኔ ነኝ።

አገራችን ጭልጋ ነው። በደርግ ጊዜ ጎረምሳው ሁሉ ለጦር ግንባር ሲታፈስ፣ ማሩ አንድ የገበያ ቀን እንደ ነጋዴ አህያ እየነዳ ወጣና በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። እኔም ስድስት ወር ቆይቼ ተከተልሁት። ባሱንዳ አጠገብ የአንድ ሱዳናዊ ባለሀብት የሰሊጥ እርሻ ላይ እሱ ጠባቂ፣ እኔ የሠራተኞቹ ምግብ አብሳይ ሆነን ተቀጠርን። ኑሯችን ክፉ አልነበረም። ጎጇችን አታፈስም፣ ሆዳችን አይራብም፣ ማሩም እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። የጎደለኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሱን የሚያስታውሰኝ ሰው ደግሞ አጥቼ አላውቅም።

ከጎንደር ቆላ ለአጨዳ የሚመጡት ሠራተኞች ሰላምታውን ሳይጨርሱ «ስንት ወለዳችሁ?» ይላሉ። የሱዳኖቹ ሰላምታም «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ነው። አራስ ልጠይቅ ስሄድ ዓይኔ እንዳያርፍበት ብለው ሕፃኑን በነጠላ ይሸፍኑብኛል። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ጨው የምንዋዋስ ጎረቤቶቼ ናቸው። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ የቀረበልኝን ገንፎ እበላለሁ። ጸበል ተጠምቄአለሁ። አንዲት አሮጊት የሰጠችኝን የሥር መድኃኒት ጠጥቼ ሳምንት ሙሉ አስመልሶኛል። ሆዴን በጋለ ብረት ተተኩሻለሁ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ማሩን ግን ይህን ጠጣ፣ እዚህ ተጠመቅ ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ ከአማቴ ደብዳቤ መጣ። ፊደል የቆጠረ አንድ ሠራተኛ ደጃችን ላይ ቆሞ አነበበልን። «ልጄ ማሩ፣ ዘር ሳትተካ ልታረጅብኝ ነው። ደህና ሰው ቤት ደህና ልጅ አይቼልሃለሁ። የማያበቅል መሬት ላይ ዕድሜህን አትጨርስ» ይላል። አንባቢው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ማሩ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ዝም አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ዝምታው ከደብዳቤው ይበልጥ አቃጠለኝ።

እኔም ለብቻዬ መከርሁ። ገዳሪፍ ከተማ ወርጄ ሐኪም ያየኛል። «አትወልጂም» ካለኝ ወደ ባሱንዳ አልመለስም፤ ከሰላ በሚባል ሌላ የሱዳን ከተማ የምትሠራ የአገሬ ልጅ አለች፣ ወደ እሷ እሄዳለሁ፣ ማሩም እናቱ ያዩለትን ያግባ። ለእሱ የነገርሁት ግን ግማሹን ነው።

«ሐኪም ቤት ልሄድ ነው» አልሁት።

«በዚህ ጭቃ?»

«እታለም ዘይነባ ትሄዳለች፤ ከእሷ ጋር ነኝ።»

እታለም ዘይነባ የመተማ ሰው ናት፤ እስላም፣ የስምንት ልጆች እናት፣ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጠኝ። ባሏ ባሱንዳ ገበያ ልብስ ሰፊ ነው። ዓረብኛውን እንደ አማርኛዋ ታንበለብለዋለች። እሷም ሐኪም ፈልጋ ነበር፤ ምን እንዳመማት ግን ለማንም አልተናገረችም።

ጠዋት ያሉኝን ሁለቱን ቀሚሶቼንና ነጠላዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። በኸሪፍ፣ ማለት በሱዳን ክረምት፣ ያ ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይሆናል። መኪና አይሄድበትም፤ ትራክተር ብቻ ተጎታቹን እያንገጫገጨ ይሞክረዋል። እኛም የትራክተር ተጎታች ላይ ከጆንያ መሐል ተቀምጠን ሄድን። እኩለ ቀን ሳይሞላ ጎማው ሰመጠ። ነጂው ቢያጓራው ቢያጓራው ይባስ ወደ ታች ገባ። በመጨረሻ ሱሪውን ሰብስቦ «ሌላ ትራክተር ፈልጌ እመጣለሁ፤ ከዚህ እንዳትንቀሳቀሱ» ብሎን በእግሩ ሄደ። ወዴት ልንንቀሳቀስ?

ከሰማይና ከሰሊጥ በቀር የሚታይ የለም። ሁለታችን ቀረን።

«አንቺ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለችኝ ዘይነባ።

«አለመውለዴ ነዋ፤ ሌላ ምን አለኝ?»

ነጂው የሄደበትን አቅጣጫ አየች፤ ርቋል። «እኔን ደግሞ ያመመኝ መውለዴ ነው» አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። ከስድስተኛው ልጅ ወዲህ ማሕፀኗ ወርዷል። ውኃ ስትሸከም፣ እንጨት ስትሰብር ይወጣል፤ ጥግ ፈልጋ በእጇ ትመልሰዋለች። ከዚያም በኋላ ሁለት ወልዳለች። ባሏ ሰነፈች ይላል እንጂ አያውቅም፤ እሷም አትነግረውም።

«ስምንት ልጅ ‹እሜ› ይለኛል» አለች። «አንዳቸውም እናታቸው ስትቀመጥ ጥርሷን እንደምትነክስ አያውቁም። አንቺን በሩቅ ሳይሽ ምን እንደምል ታውቂያለሽ? ወላሂ፣ ‹እንዴት ቀጥ ብላ ትራመዳለች!› እላለሁ።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔን ቀንቶ የሚያይ ዓይን በዚህ ዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«እኔ ደግሞ» አልኋት፣ «ልጆችሽ ቀሚስሽን ሲጎትቱ አይቼ፣ ቤቴ ገብቼ የገዛ ቀሚሴን በእጄ ጎትቼ አውቃለሁ። እንዴት እንደሚል ለማየት።»

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ዘይነባ እጄን ያዘች። ኋላ ግን ነገሩን ወደ ሳቅ መለሰችው።

«እሺ እንለዋወጥ። የቱን ልስጥሽ? ትልቁ ሥራ ያግዘኛል። ሁለተኛዋ… እሷስ እጄ ናት። ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው፣ እሱን ውሰጂው። አይ! እሱን ደግሞ ማን ይችለዋል፣ ሲተኛ ጆሮዬን ይዞ ነው የሚተኛው።» ስምንቱንም ቆጥራ አንድም የሚሰጥ አጣች። «ቀጥ ያለ ወገብሽንም አልፈልግም፣ ያዥው!» አለችና ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድልን የቀረውን ግማሽ፣ ለማሩ ያልነገርሁትን ነገርኋት። ጥቅሌን ዳሰስ አድርጋ፣

«ማሩ ሂጂ ብሎሻል?» አለችኝ።

«አላለም።»

«አትሂጂስ ብሎሻል?»

«ምንም አላለም።»

«እንግዲያ ያልተባለ ቃል ሰምተሽ ነው የምትሰደጅው» አለች።

ወደ ማታ ሌላ ትራክተር መጥቶ ጎተተን፤ በማግሥቱ ጠዋት ገዳሪፍ ገባን። በዘይነባ ዘመድ ቤት ጭቃችንን ታጥበን አረፍን፣ በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ፊት ቀረብን። ፀጉሩ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገ ሱዳናዊ ነው። መጀመሪያ ዘይነባን አያት። በቀዶ ሕክምና እንደሚድን፣ ከዚያ በኋላ ግን ወራት ሙሉ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ ማረፍ እንዳለባት ነገራት።

እሷም በዓረብኛ መለሰችለት፣ ለእኔም በአማርኛ ደገመችልኝ፦ «ለስምንት ልጅ እናት ዕረፍት አዘዘልኝ። ይህ መድኃኒት በየትኛው ሱቅ ይሸጣል? ብዬ ጠየቅሁት።» ሐኪሙም ሳቀ። እሷ ግን ፊቷን አዙራ እንባዋን በመጎናጸፊያዋ ጠረገች። ይድናል መባሉን አላመነችም ነበር።

ቀጥሎ እኔን። ብዙ መረመረኝ፣ ብዙ ጠየቀኝ። ዘይነባ መሐላችን ቆማ ታስተረጉማለች። በመጨረሻ እጁን ታጥቦ አንድ ነገር ተናገረ፤ ዘይነባም ወደ እኔ ዞረች።

«‹ምንም አላየሁባትም። ባሏ የት አለ?› ይላል።»

«ባሌ ጤነኛ ነው በይልኝ። አንድ ጆንያ ሰሊጥ ብቻውን ይሸከማል።»

ሐኪሙ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ጆንያ መሸከም ሌላ፣ ይህ ሌላ» አለ። «ሁለት ሰው የሚሠራውን ሥራ አንዱን ብቻ መርምሬ ፍርድ አልሰጥም።»

እየተገረምሁ ወጣሁ። አሁን ማሩን ማን ያመጣዋል? ቢሰማስ ይመጣል? የትኛው ወንድ ነው ለዚህ የሚመረመር? ይህን እያሰብሁ ከግቢው በር ስደርስ አንድ ሰው አጥሩ ሥር ተቀምጧል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ አንድ ጫማ ብቻ በእጁ ይዟል፣ ሌላውን ጭቃው በልቶበታል። ማሩ ነው።

አየኝና ተነሣ። ሰላም እንኳ አላለኝም።

«ቀሚሶችሽ ከማገሩ ላይ የሉም» አለኝ።

«አዎ።»

«ሁለቱም የሉም።»

«አዎ፣ ሁለቱም።»

ከባሱንዳ ገዳሪፍ በዚያ ጭቃ ሁለት ቀን በእግሩ መጥቷል። በዘይነባ ዘመድ ቤት ጠይቆ ነው ሐኪም ቤቱን ያገኘው። እኔም ሐኪሙ ያለውን ሳልደባብቅ ነገርሁት፤ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ወደ ታች እግሩን አየና፣

«በዚህ እግሬ ያስገቡኛል?» አለ።

ተመረመረ። ሐኪሙ፣ ማሩ በወጣትነቱ ታሞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ ላይ፣ እብጠቱ ወደ ታች ወርዶ ሁለት ሳምንት አስተኝቶታል። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ብዕሩን አስቀምጦ ቀና አለ። ምርመራውን አንድ ጊዜ አዩት፤ መንገዱ በዝናብ ስለተዘጋ ገዳሪፍ ቆይተን ነበርና ከቀናት በኋላ ደግመው አዩት። ከዚያ ሁላችንንም ጠራን። ዘይነባ ለቀዶ ሕክምናው አልጋ እስክታገኝ እዚያው ነበረች፤ ልታስተረጉምልኝ አብራ ገባች።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ ማሩን እያየ ተናገረ። እኔ ያን ጊዜ ከዓረብኛ የማውቃት ጥቂት ናት፤ «ማፊ»ን ግን እዚያ አገር የማያውቃት ሐበሻ የለም። ውኃ ማፊ፣ ዳቦ ማፊ፣ ሥራ ማፊ። የለም ማለት ነው። ሐኪሙም ንግግሩን በ«ማፊ» ጨረሰ።

እኔን ያለ መሰለኝ። ወደ ዘይነባ ዞሬ «ምን አለ?» አልኋት። ያቺ እንደ ወፍ የምትንጫጫው ዘይነባ መሬት መሬት ታያለች። «ምን አለ በይ? ለእኔ ብለሽ ነው የምትደብቂኝ?» ወደ ማሩ ዞርሁ። እሱ በእርሻው ላይ ዓረብኛ ለምዷል፤ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔን ነው» አለ። «ዘር የለህም ነው የሚለኝ። አንቺ ምንም የለብሽም።»

ከሐኪሙ ክፍል ስንወጣ ዘይነባ ሰበብ ፈጥራ ትታን ሄደች። ግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ማሩ ተናገረ።

«ገና ልጅ ነሽ። ሌላ አግቢ፣ ውለጂ። አልከለክልሽም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ የመጣብኝ ርኅራኄ አይደለም፤ ቁጣ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የዋጥሁት ሁሉ ወጣ።

«ሆዴን ሲተኩሱኝ እጄን የያዝኸው አንተ ነህ። ሥሩን ጠጥቼ ስታመም ትውከቴን ያፈሰስኸው አንተ ነህ። ደግ ነህ፣ አልክድህም። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ምናልባት እኔ ብሆንስ?› ብለህ አታውቅም! የእናትህ ደብዳቤ ሲነበብ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?»

አልተከራከረኝም። «ማሰቡንስ አስቤው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ፈራሁ። ጥፋቱ አንቺ ላይ ሲሆን የሚቻል ነገር መሰለኝ።»

ይህን መስማት ከምርመራው ይልቅ ከበደኝ። ሂድም ቆይም ሳልለው ተነሣሁ።

በማግሥቱ ዘይነባ ቀዶ ሕክምናዋን አደረገች፤ እኔም ሳስታምማት ሦስት ቀን ሰነበትሁ። በእነዚያ ሦስት ቀናት አላሰብሁበትም ብል ዋሽቻለሁ። መውለድ እችላለሁ! አሥራ አንድ ዓመት የሞተ የመሰለኝ አካሌ ደህና ነው። ከሰላ ብሄድ፣ ሌላ ሰው ባገባ… ዘይነባን «ምከሪኝ» አልኋት። ትራሷ ላይ ራሷን አዙራ «ከሄድሽም አልፈርድብሽም፣ ከቆየሽም አላመሰግንሽም። የራስሽ ነገር ነው» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉም ሰው ሲመክረኝ ኖሮ፣ ለምርጫዬ የተወችኝ እሷ ብቻ ናት።

በሦስተኛው ቀን ማሩ መጥቶ «ነይ እስቲ፣ ገበያ ደርሰን እንምጣ» አለኝ። ተከተልሁት። የወሰደኝ ለስደተኛው ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፉ አንድ የጎንደር ሽማግሌ ዘንድ ነው። ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ማሩ ፊታቸው ቁጢጥ ብሎ ያስጽፍ ጀመር።

«እናቴ ሆይ፣ እንደምን ከርመሻል። እኛ ደህና ነን። ያየሽልኝን ልጅ ለሌላ ይስጧት። ሐኪም አይቶናል። መካኑ እኔ ነኝ። አንጓች ምንም የለባትም።»

ሽማግሌው ብዕራቸውን አነሡ። «ልጄ» አሉት፣ «እናትህ ፊደል ያውቃሉ?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያ ይህን ሌላ ሰው ነው የሚያነብላቸው። አገር ይሰማዋል።»

«አውቃለሁ» አላቸው ማሩ። «የአንጓችንም አገር ነው የሰማው። ይጻፉልኝ።»

ሽማግሌው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና ጻፉት። ማሩ ጣቱን በቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ተጫነ፤ ቶሎም አላነሣውም። እኔ ቆሜ አየሁት። ያ የፈራው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበረ፣ አሁንም ምን ያህል እንደከበደው አየሁ። ከዚያ ገበያ ስንወጣ «ወደ ባሱንዳ ስንመለስ የጠፋብህን ጫማ እንፈልግልህ» አልሁት። ውሳኔዬ ይኸው ነበር።

አማቴ መልስ አልጻፉልንም። ደብዳቤው ግን ተነቧል። በሚቀጥለው አጨዳ የመጡ አንዳንድ የአገራችን ሰዎች በማሩ ሊያሾፉ ሞክረዋል። እሱ «አዎ፣ እውነት ነው» ይልና ሥራውን ይቀጥላል፤ «አዎ» ካለ ሰው ጋር ደግሞ ቀልድ አይጣፍጥም። ዘይነባ ዳነች። ውኃውን ልጆቿ መቅዳት ጀመሩ፤ «ዕረፍቴን ሐኪም ነው ያዘዘልኝ» እያለች አንድ ዓመት ሙሉ አላገጠችባቸው። ለባሏም ሁሉን ነገረችው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መጨረሻ ላይ ልጅ አገኙ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አላገኘንም። የሌላ ሰው ልጅም አላሳደግንም። ደርግ ወድቆ ብዙው ሰው ሲመለስ፣ እኛ ገዳሪፍ ከተማ ገብተን ትንሽ ምግብ ቤት ከፍተን ቀረን። የልጅ ነገር አልቆጨኝም አልልም፤ በዓል ሲደርስ ዛሬም አንዳንዴ ቤቱ ይሰፋብኛል። ነገር ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ ራሴን እንደ ጎዶሎ ሰው አይቼ አላውቅም። ቀድሞ ሀዘኔ ልጅ ማጣቴ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ የበለጠ ያደከመኝ ብቻዬን የተሸከምሁት ጥፋተኝነት ነው። እሱ ከላዬ ሲወርድ የቀረው ሀዘን ለሁለት ሰው የሚቻል ሆነ። ዘይነባም እንዲሁ ናት። በሽታዋ ያው በሽታ ነው፤ ያስለቀሳት ግን መደበቁ ነበር። የወለደችውም ያልወለደችውም አንድ ተጎታች ላይ ተቀምጠን ባንነጋገር ኖሮ፣ አንዳችን በአንዳችን እንደቀናን እናረጅ ነበር።

ስለዚህ ቤታችሁ እንደኔ ያለች ሴት ካለች፣ መድኃኒት ከመጠቆማችሁ በፊት እንዴት እንደዋለች ጠይቋት።

ሰዎች አሁንም «ጧሪ ቀባሪሽ ማን ይሆን?» ይሉኛል። ማን እንደሚሆን አላውቅም። የወለዱትም አያውቁም። እኔ የማውቀው ዛሬን ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ማሩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ለነገ ወጥ የሚሆን ሽንኩርት እየላጠ፣ «ዓይኔን አጠፋኝ፣ ነይ አግዢኝ» እያለ ይጣራል። ልሂድለት።